የጃዝ መጽሔት ላሰብሽው እህቴ፦ ከማሳተምሽ በፊት አንባቢሽን በስም ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ ነሳኝ። ሐረር ላይ የጃዝ መጽሔት ልታሳትሚ እንደሆነ፣ አንባቢሽ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለው የተማረ ወጣት እንደሚሆን፣ ሆቴሎችንና ካፌዎችን እንዳነጋገርሽ ጽፈሽ፣ «ይህን አንባቢ እንዴት ልሳበው?» ብለሻል። እኔ ድሬዳዋ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከ80 ሺህ ብር በላይ አሳጥቶኛል። ዛሬ መጽሔቴ ስምንተኛ እትሙን አውጥቷል፤ ከፍለው የሚያነቡኝ 212 ሰዎች አሉ፤ ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ የከሰረውም የተሳካለትም ሰው ሆኜ ነው የምመልስልሽ።

ስለ ምዝገባና ስለ ገጽ ቅንብር ሌሎች ነግረውሻል፤ አልደግመውም።

1. የዕድሜ ክልል ይዘሽ አትነሺ። እኔም «የተማረ ወጣት» ብዬ ነበር የጀመርኩት። 1,000 ቅጂ አሳተምኩ፤ 32 ገጽ፣ ባለ ቀለም፣ አንዱ ቅጂ 95 ብር ፈጀ፣ መሸጫው 120 ብር። ሽፋኑ ላይ የኢትዮ-ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ ከቫይብራፎናቸው (በዱላ እየተመታ ከሚጫወተው የብረት መሣሪያቸው) ጋር ነበሩ። ውስጡ ስምንት ሙሉ ገጽ የሕይወት ታሪካቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ መወለዳቸው፣ ዌልስና ለንደን መማራቸው፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ መግባታቸው፣ በ1972 ያወጡት ሸክላ፣ ከዚያም በ1998 የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን በሲዲ ባወጣው በኢትዮፒክስ ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ዓለም እንደገና ማግኘቱ። ለፍቼበታለሁ፤ አሁንም ጽሑፉ ጥሩ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ጃዝ የሚወድ ሰው ይህን ታሪክ ከእኔ በፊት ያውቀዋል፤ ጃዝ የማይወድ ሰው ደግሞ ስምንት ገጽ አይታገሥም። ለማን እንደጻፍኩ አላውቅም ነበር።

ከዚራና ሳቢያን አካባቢ አሥር ሆቴልና ካፌ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከእያንዳንዱ ሽያጭ 25 በመቶ ለእነርሱ። በሁለተኛው ወር ዞሬ ስሰበስብ የተሸጠው 140 ቅጂ ብቻ ነው። አንዱ ካፌ ስገባ አንዲት ሴት መጽሔቱን አጥፋ ፊቷን ታራግብበታለች። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ በእርሷ አልፈርድም። ግን እዚያው ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። የሆቴል እንግዳ ለስብሰባ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ሁለተኛውን እትም የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ካፌ የሚቀመጠው ወጣት ደግሞ ሙዚቃውን በስልኩ በነጻ እያገኘ ነው፤ ወረቀት አምጣልኝ ያለኝ አንድም አልነበረም። እኔ ጠይቄው አላውቅማ!

2. ሽፋን ላይ ቀን አታትሚ። ይህ ከአንባቢ ጋር የማይገናኝ ሊመስልሽ ይችላል፤ ይገናኛል። ዩኔስኮ ያወጀው ዓለም አቀፍ የጃዝ ቀን ኤፕሪል 30 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 22። መጽሔቱን በዚያ ቀን በትልቅ አዳራሽ ላስመርቅ፣ ሕዝቡ ይመጣል፣ ከዚያ ውስጥ አንባቢ አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። የአዳራሹን ፈቃድ የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሠራተኛው ከስልኩ ቀና ሳይል «ጃዝ ባህል ነው ወይስ ጭፈራ?» አለኝ። ሙዚቃ ነው አልኩት። «ጭፈራ ካለው የጸጥታ ደብዳቤ አምጣ፤ ባህል ከሆነ ይህን ቅጽ ሙላ» ብሎ ቅጽ ሰጠኝ። ቅጹ ላይ «ብሔረሰብ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። የማን ልበል? ሠራተኛውን ጠየቅሁት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶቻችንን ሙላቱ ከምዕራባውያኑ 12 ድምፆች ጋር እንዴት እንዳዋሃዷቸው ላስረዳው ስጀምር እጁን አነሣብኝ። «ባዶ ከሆነ አይገባም» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፦ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት ነው፣ ነገ ና። ደብዳቤው ግንቦት 6 ወጣ። እኔ ደግሞ በሙሉ ልቤ አምኜ ሽፋኑ ላይ «ሚያዝያ 22» እና የአዳራሹን ስም አሳትሜ ነበር። 1,000 ሽፋን ላይ ወረቀት እየቆረጥን በሙጫ ለጠፍን፤ ሙጫው ወረቀቱን አሸበሸበው። እናቴ ሳይቀሩ ሦስት ሌሊት አብረውኝ ለጥፈዋል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ መሥሪያ ቤቱን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ መውቀሴ ግን እውነት ነው፤ አንድ ዜጋ በዚያ መልክ መስተናገድ የለበትም። የእኔ ስሕተት አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያስፈልገኛል ብዬ ማሰቤ ነበር። ያስፈልገኝ የነበረው አሥራ አምስት ወንበር ነው። ወደዚያው ልምጣ።

3. አንባቢሽ የሚያዳምጥ ነው ወይስ የሚጫወት? ይህን ጥያቄ ራሴን እንድጠይቅ ያደረጉኝ አንድ ሰው ናቸው። ሰኔ ውስጥ ነው፤ ኪቦርድ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ አንድ አባት መጡ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጥገና ክፍል ሠርተዋል። መጽሔቴን አራት አጥፈው በኮታቸው ኪስ ይዘዋል። «አንተ ነህ የጻፍከው?» አሉኝ። ነኝ ጋሼ አልኳቸው። ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሦስት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

አንደኛው ፎቶ ሥር ነው። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው የጌታቸው መኩሪያ ፎቶ ሥር «በአልቶ ሳክስፎኑ» ብዬ ጽፌአለሁ። በጥፍራቸው የመሣሪያውን አንገት እያሳዩኝ «ልጄ፣ ይህ አንገት ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ሲጠማዘዝ አይታይህም? የአልቶ አንገት በአንድ ጊዜ ታጥፎ ያበቃል። ይህ ቴነር ነው» አሉ። ሁለተኛው ስለ ቅኝት የጻፍኩት ገጽ ላይ ነው፤ ትዝታ ማይነርን ስዘረዝር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል ብዬ መጨረሻው ላ ላይ ቤሞሉን፣ ድምፁን በግማሽ ዝቅ የሚያደርገውን ምልክት፣ ረስቼዋለሁ። እርሳቸው ትንሽ ቤሞል ስለውበታል፤ በጣም ቆንጆ አድርገው ነው የሳሉት። ሦስተኛው አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መምጣቱን በጻፍኩበት ገጽ ጠርዝ ላይ የተጻፈ ጥያቄ ነው፦ «በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ማን ይጫወት ነበር?»

1,000 ቅጂ አሳትሜ ያገኘሁት አንባቢ እኚህ ነበሩ። ይህንን ሳስብ አሁንም ደስታና ቁጭት አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ጋሼን እንደ እርስዎ ያለ ሌላ ሰው ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። የተማሪዬን ደብተር ተቀብለው የዘጠኝ ሰዎች ስም ጻፉልኝ። ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ከጅቡቲ የመጣ ሸክላ እስከ ዛሬ ያላቸው። አንዱ መጋላ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ በወጣትነቱ ትራምፔት ይነፋ ነበር። አንዲት የጡረታ መምህርት አሉ። ቀሪዎቹ ሠርግና ሆቴል ላይ የሚሠሩ ኪቦርድ ተጫዋቾች ናቸው። ዘጠኙንም ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው፤ ሁሉም ሌላ ስም ሰጡኝ። በአራት ወር ደብተሩ ውስጥ 62 ስም ሆነ። ያኔ ነው ሁለተኛውን እትም 100 ቅጂ ብቻ ያሳተምኩት።

አሜሪካኖቹም ሲጀምሩ ይህን መርጠው ነው። ዳውንቢት የሚባለው የጃዝ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1934 ቺካጎ ሲቋቋም አንባቢው ራሱ የሚጫወተው ሙዚቀኛ ነበር። ሌላው መጽሔት ጃዝ ታይምስ ደግሞ በ1970 ዋሽንግተን ውስጥ አይራ ሴቢን የሚባል የሸክላ መደብር ባለቤት በትንሽ ጋዜጣ መልክ የጀመረው ነው፤ አንባቢዎቹን በመደብሩ ባንኮኒ ፊት ለፊት ያያቸው ነበር ማለት ነው። እኔ ባንኮኒ አልነበረኝም፤ ደብተር ነበረኝ።

ከደብተሩ የተረዳሁት ሁለት ዓይነት ሰው እንዳለኝ ነው፤ የሚፈልጉትም አንድ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ፎቶ ይፈልጋሉ፤ ስሕተት ካገኙ ይቀየማሉ፤ ካረምሽላቸው ግን ዕድሜ ልክ ያንቺ ናቸው። አሁን በየእትሙ ሁለተኛ ገጽ ላይ ካለፈው እትም የታረመውን ሁሉ አወጣለሁ። ብዙዎቹ መጽሔቱን የሚከፍቱት ከዚያ ገጽ ነው። ተጫዋቾቹ ደግሞ ታሪክ አያስጨንቃቸውም፤ «ባቲ ላይ ምን ኮርድ ልያዝ?» ነው ጥያቄያቸው። ለእነርሱ አንድ ገጽ ኖታ ከማብራሪያ ጋር ማውጣት ጀመርኩ። ገጹን ፎቶ እያነሡ በቴሌግራም ሲቀባበሉት መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በሚቀጥለው እትም ግን ገጹ ግርጌ ላይ መጽሔቱ እንዴት እንደሚገኝና በቴሌብር እንዴት እንደሚከፈል ጻፍኩ፤ ልምምዱንም ግማሹን አውጥቼ ግማሹን ለቀጣዩ አቆየሁት። በዚያ ገጽ ብቻ 31 ሰው መጣልኝ፤ አሥራ ሁለቱ ከድሬ ውጪ ናቸው።

ያልጠበቅኋቸው ሦስተኛ ወገንም አሉ፦ ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች። ራሳቸው አያነቡትም። ለአባቶቻቸው ይከፍላሉ። አንዷ «አባዬ ስደውልለት ስለ መጽሔትህ ነው የሚያወራኝ፤ ለሁለት ዓመት ልክፈል» ብላ ጻፈችልኝ። 40 ያህል ከፋዮቼ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ስለ ምርቃት ደግሞ። አሁን እያንዳንዱን እትም የምናወጣው ጋሼ ግቢ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ሥር ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ሙቀቱ ሲበርድ። አሥራ አምስት ወንበር፣ አንድ ሸክላ ማጫወቻ፣ ሻይ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ሰው መጣ፤ አሥራ አንዱ የዓመት ከፍለው ሄዱ። በዚያ ሁሉ መመላለስ ያገኘሁት አዳራሽ ግን ግንቦት ላይ ገሚሱ ባዶ ነበር።

የአምስተኛው እትሜን ነገር ሳልነግርሽ አልቀርም። የጋሼን የጠርዝ ጥያቄ ይዤ ነው የሠራሁት፦ ድሬ ማን ይጫወት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ከተማ ስለተቋቋመው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን አፍራን ቀሎና እዚያ ስላደገው አሊ ቢራ ጻፍን። «ይህ ጃዝ አይደለም» ያሉኝ ነበሩ። አይደለም፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ዑዱንና ጊታሩን፣ የቡድን አጨዋወቱን፣ ከተማው ያንን ጆሮ ከየት እንዳገኘ ጠይቀንበታል፤ ጃዝ የሚያዳምጠው የድሬ ሰው ጆሮውን ያሟሸው በዚያ ነው። 150 ቅጂ በዘጠኝ ቀን አለቀ፤ 100 ደገምን። የግጥሞቹን ስንኞች በኦሮምኛ እንደነበሩ አውጥተን ትርጉሙን ከጎን አደረግን። አንቺም ሐረር ላይ ይህን አስቢበት። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማል፤ ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱት ሙዚቃ በየቋንቋቸው ነው።

4. ማስታወቂያ። አጭር ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴው ጋ ሄጄ «1,000 ቅጂ አሳትማለሁ» ስለው ሻይ እንኳ አላዘዘልኝም። ደብተሩን ይዤ ተመልሼ «ከአንባቢዎቼ ሰባው ኪቦርድ ወይም ሳክስፎን ይጫወታሉ፤ ስማቸው ይኸውልህ» ስለው የኋላ ሽፋኑን ለአንድ ዓመት ገዛው።

ስለዚህ ሆቴሎቹን ለጊዜው ተያቸው። ማተሚያ ቤቱን ቀብድ ከፍለሽ ከሆነ ቁጥሩን ወደ 100 ማውረድ ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ እኔ ባለመጠየቄ ነው የተቃጠልኩት። ሐረር ውስጥ ሠርግ ላይ የሚጫወቱትን፣ መሣሪያ የሚጠግኑትን፣ ቤታቸው ሸክላ ያላቸውን ፈልጊ፤ ስማቸውን ጻፊ፤ እያንዳንዳቸውን ሌላ ሁለት ስም ጠይቂ። ሃምሳ ስም ሳይሞላ ምንም አታሳትሚ።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ረቂቅ ስትጨርሺ ደግሞ ወደ ድሬ ይዘሽ ነይ፤ በሚኒባስ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ከ10 ሰዓት በፊት አትድረሺ፣ ሁሉም ቤት ዝግ ነው። ጋሼ ዘንድ እወስድሻለሁ። ቀይ እስክሪብቶአቸው አሁንም ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ ስለ አንቺ ነግሬአቸው «ሐረር ላይ በእኔ ጊዜ ክላርኔት የሚነፋ ልጅ ነበር፣ ታገኘው እንደሆነ ጠይቃት» ብለውኛል።