ሽንት በሚያመልጣቸው ሴቶች ጥናት ላይ ልወዳደር?

እህቴ፣ በሚድዋይፍሪ ተመርቀሽ ጤና ጣቢያ 3 ዓመት እንደሠራሽ፣ አሁን ሽንት በሚያመልጣቸው ሴቶች ላይ ለሚካሄድ ጥናት የመረጃ ሰብሳቢ ማስታወቂያ እንዳየሽ ጽፈሽልናል። «የጥናት ልምድ የለኝም፤ ሥራው ምንድን ነው? ሕመም ይለካል ሲባልስ እንዴት?» ብለሻል። ተወዳደሪ። ማዋለጃ ክፍል የቆየ ባለሙያ ሴቶች የሚያፍሩበትን ጉዳይ ሳያሳፍር መጠየቅ ያውቃል፤ ልኬቱ ይለመዳል።

«ሽንት መቆጣጠር ያቅትሻል?» ካልሽ ብዙዎቹ «አያቅተኝም» ይሉሻል። «ስታስነጥሺ ወይም ጀሪካን ስታነሺ ያመልጥሻል?»፣ ቀጥሎም «ሽንት ቤት ሳትደርሺ ይቀድምሻል?» ብለሽ ለያይተሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ሆድ ውስጥ ከሚፈጠር ግፊት፣ ሁለተኛው ከድንገተኛ የመሽናት ስሜት የሚመጣ ነው፤ ሁለቱም ያለባት ሴት አለች። ከወሊድ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈሳት ከሆነ ግን ፊስቱላ (በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪሙ አሳውቂ። አዲስ አበባ እንዳለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ባሉ ተቋማት ፊስቱላዋ የተዘጋላት ሴትም ሽንት ሊያመልጣት ይችላል። «ተዘጋ» እና «ደረቀች» አንድ አይደሉም፤ ቅጹ ላይም ለየብቻ ይመዝገቡ።

ብዙ ጊዜ የምትሠሪው የ1 ሰዓት የፓድ ምርመራን ነው፤ ያመለጠው ሽንት የሚለካው የፓዱን ክብደት በፊትና በኋላ በመመዘን ነው። ፓዱን ደረቅ ሳለ መዝነሽ ክብደቱን በሚታሸግበት ከረጢት ላይ ጻፊ፤ ከአንድ እሽግ የወጡ ፓዶች እንኳ እኩል አይመዝኑም። ሴትዮዋ ፓዱን አድርጋ ተቀምጣ 500 ሚሊ ሊትር ውኃ በ15 ደቂቃ ትጠጣለች፤ ግማሽ ሰዓት ደረጃ መውጣት ጨምሮ ትራመዳለች። በቀሪው 15 ደቂቃ 10 ጊዜ ከወንበር ትነሣለች፣ 10 ጊዜ በኃይል ትስላለች፣ 1 ደቂቃ በቦታዋ ትሮጣለች፣ 5 ጊዜ ጎንበስ ብላ ትንሽ ዕቃ ታነሣለች፣ በሚፈስ ውኃ 1 ደቂቃ እጇን ትታጠባለች። ክብደቱ ከ1 ግራም በላይ ከጨመረ ሽንት አምልጧታል ይባላል፤ ከዚያ በታች ያለው ላብ ወይም የማሕፀን ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ውኃው ሳያልቅ መጀመር፣ ፓዱን ሳያሽጉ አቆይቶ መመዘን (ይተናል)፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ አለመመለስ።

ወደ ሕመሙ ስንመጣ ፈተናው ቋንቋችን ነው። «ሕመም አለሽ?» ስትያት ስለ በሽታ የጠየቅሻት ሊመስላት ይችላል። «አሁን ይወጋሻል? ያቃጥልሻል? ይቆርጥሻል?» በያት፤ ከዚያ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትስጥሽ። ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ሲገባ የተሰማትን ያኔውኑ ጠይቂ፤ ቤቷ ስትገባ ትዝታው ይለወጣል። ቁጥር በመስጠት ፈንታ ከ«ምንም ሕመም የለም» እስከ «ከዚህ የባሰ የለም» በሚል የ100 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ ምልክት የምታደርግ ከሆነ እያንዳንዱን ቅጂ በማስመሪያ ለኪ፤ ፎቶ ኮፒ መስመሩን ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል።

ቆዳን ተጭኖ ግፊቱ በስንት ላይ ማሳመም እንደሚጀምር በሚለካ መሣሪያ ስትሠሪ ጫፉን ከቆዳው ጋር ቀጥ አድርገሽ ግፊቱን በእኩል ፍጥነት ጨምሪ። «እስከቻልሽው ድረስ ቻይ» አትበያት። ቻይነት በሚከበርበት አገር ጥርሷን ነክሳ ትቆያለች፣ አንቺም የምትለኪው ትዕግሥቷን ይሆናል። «ግፊቱ ወደ ሕመም ሲለወጥ ወዲያው ‹በቃ› በይ» በያት።

ከማመልከትሽ በፊት በዘ ግሎባል ኸልዝ ኔትወርክ ላይ ያለውን ነፃ የጂሲፒ (የመልካም ክሊኒካዊ ጥናት አሠራር) ኮርስ ጨርሰሽ የምስክር ወረቀቱን ከሲቪሽ ጋር አያይዢ። ለቃለ መጠይቁ «የጎደለ ቁጥር ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ለሚል ጥያቄ ተዘጋጂ። መልሱ፦ ባዶውን ትቼ ምክንያቱን እጽፋለሁ፤ ስሳሳት በአንድ መስመር ሰርዤ ትክክለኛውን ከፊርማና ከቀን ጋር አሰፍራለሁ፤ በግምት አልሞላም። ፈቃዷን አንስታ መውጣት የምትፈልግ ሴትም ሕክምናዋ እንደማይቀርባት ንገሪያት፤ አታግባቢያት።

አንቺም እነዚህን ጠይቂያቸው፦ ሴቶቹ የሚጠየቁበት በር የሚዘጋ ክፍል አለ? ክፍያው በወር ነው ወይስ በመጠይቅ ብዛት? በብዛት ከሆነ አንዲት ሴት ስንት ደቂቃ ትመደብላታለች? ከ1 ሰዓት በታች ካሉሽ የፓዱ ምርመራ አያልቅም፤ ውሉን ሳትፈርሚ ይህን አስተካክሉልኝ በያቸው።