ሐዋሳ የምትታየው በማለዳ ነው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ልንሄድ አስበናል። ልጆቹ የ9 እና የ5 ዓመት ናቸው። እማማ ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን እዚያ መሳለም ይፈልጋሉ፤ ልጆቹ የሚያወሩት ግን ስለ መዋኘት ብቻ ነው። መኪና አለን። መቼ እንነሳ፣ የት እንረፍ፣ ምን እንይ? አምና የሄዱ ጎረቤቶቻችን አልጋ አጥተው ሻሸመኔ ማደራቸውን ሰምተን ሰግተናል።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከአልጋው እንጀምር፤ እሱ ካልተያዘ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሲነግሥ ከየአገሩ ምእመን ይጎርፋል። በእነዚህ ቀናት «እናስቀምጥልዎታለን» የሚል የስልክ ቃል አያስተማምንም። ገንዘቡን ይዞ በር ላይ የቆመ እንግዳ ከመጣ ክፍሉ ለእሱ ሊሰጥ ይችላል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይደውሉ፤ ቅድሚያ ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ፤ የክፍሉ ዓይነት፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ በስልክዎ እንዲልኩልዎ ያድርጉ። ሦስት ቀን ሲቀረው ደግመው ይደውሉ። ታኅሣሥ 17 ጠዋት ከአዳማ ተነስተው 20 ጠዋት ከሐዋሳ ቢወጡ ይሻላል። በ18 ከሰዓት የደረሰ ሰው መንገዱም ከተማውም ተጨናንቆ ያገኘዋል፤ እማማም ደክመው ነው ወደ ዋዜማው የሚገቡት።

ማረፊያውን መምረጥ እንደ ዓላማዎ ነው። ሐይቅ ዳር ያሉት ሪዞርቶች ሰፊ ግቢና የልጆች መጫወቻ ስላላቸው በሌላ ጊዜ ቢሆን እነሱን እንመክር ነበር። ለዚህ ጉዞ ግን መሀል ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በእግር የሚደረስበት ቦታ ይያዙ። በንግሥ ቀን አደባባዩ ዙሪያ በሕዝብ ስለሚሞላ መኪናም ባጃጅም ማለፍ አይችልም፤ ከሐይቅ ዳር የሚመጣ ሰው ራቅ ብሎ ወርዶ በእግሩ መግባት ይኖርበታል፤ ይህ ለአዛውንት ከባድ ነው። ከአደባባዩ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ስለሆነ በሌሎቹ ቀናት ልጆቹን ሐይቅ ዳር ለማድረስ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ክፍሉን ከመያዝዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ሙቅ ውኃው መብራት ሲጠፋም ይኖራል ወይ፣ ጀነሬተሩ ሌሊት ይሠራል ወይ፣ አጎበር አለ ወይ፣ ለእማማ የሚሆን የምድር ቤት ክፍል ይገኛል ወይ። አዳማ ያደገ ሰው የወባን ነገር ስለሚያውቅ ብዙ አንልም። ታኅሣሥ ክረምቱን ተከትሎ የሚመጣው የወባ ወቅት ጅራት ስለሆነ አጎበሩንና ማታ ማታ ረጅም እጅጌ መልበስን አይተዉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ከልጆቹ አንዱ ትኩሳት ቢይዘው ሐዋሳ ደርሶ እንደመጣ ለሐኪም ይንገሩ።

ስለ መንገዱ። ከአዳማ ሐዋሳ ከ220 እስከ 230 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እስከ ሞጆ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞጆ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ ያለው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍያ ያለበት የፍጥነት መንገድ ነው። ብዙ አደጋ የሚያሰጋው ከዚያ በኋላ ነው። በፍጥነት ሲመጣ የቆየ ሹፌር ባቱ ላይ ሲወጣ እግሩ ያንኑ ፍጥነት ለምዷል፤ ከፊቱ ደግሞ ጋሪ፣ ከብት፣ ባጃጅና መንገድ የሚያቋርጡ ተማሪዎች አሉ። ባቱ ላይ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ከመነሳት በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ነዳጁን ማታውኑ አዳማ ላይ ይሙሉ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን መጠየቅም አይርሱ፤ የዕለቱን ወሬ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የማታ ጉዞ አይሞክሩ።

አሁን ወደ ልጆቹ። በሐዋሳ ሐይቅ አያዋኙአቸው፤ ዳር ላይ እግራቸውን እንኳ አያስነክሩ። ምክንያቱ ቢልሃርዚያ ነው። ሣርና ቄጤማ በበቀለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። ጥገኛ ትሉ በእነሱ ውስጥ ያድግና በተለይ ፀሐይ በሚበረታበት ሰዓት ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ውኃውን መጠጣትም አያሻውም። ሕመሙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ብዙ ሰው ከሐይቁ ጋር አያያይዘውም። የከተማው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፤ ያ ውኃው ደኅና ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ልጆቹ አምልጠው ከገቡ ወዲያው በፎጣ አሽተው ያድርቋቸው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም የሰገራ ምርመራ ያሠሩላቸው። መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

ለመዋኘት የተሻለው ላንጋኖ ነው፤ ደስ የሚለው ደግሞ መንገዳችሁ ላይ መሆኑ። ከባቱ ወደ አርሲ ነገሌ ስትሄዱ በስተግራ ትገነጠላላችሁ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ቀለሙ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው፤ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ ሰው የሚዋኝበትም እሱ ነው። ከአዳማ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ 3 ሰዓት ላይ እዚያ ናችሁ። እስከ 6 ሰዓት ይዋኙ፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ለአምስት ዓመት ልጅ አይሆንም። ውኃው ስለደፈረሰ ጠልቆ የገባ ልጅ ከላይ አይታይም፤ ስለዚህ አንድ አዋቂ እጁ በሚደርስበት ርቀት አብሮ ውኃ ውስጥ ይቁም። ምሳ በልታችሁ 9 ሰዓት ገደማ ሐዋሳ ትገባላችሁ።

ታኅሣሥ 18ን ለሐይቁ ስጡት፤ ግን በማለዳ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ዘርግተው አድረው ጠዋት ነው የሚያነሱት። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ትዕይንት ሌላ ነው፦ ጀልባዎቹ ሲደርሱ፣ ቆሮሶው ሲራገፍ፣ ሥጋው በቢላ በፍጥነት ሲገፈፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሰው ቁመት ሊያህሉ ምንም ሳይቀራቸው ትርፍራፊውን ሲጠብቁ። ከ4 ሰዓት በኋላ የሄደ የሚያገኘው የቀረውን ዓሣና ፀሐይ ያመጣውን ሽታ ነው። ጥሬውን መግዛት ካሰቡ ዓይኑ የጠራና ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ፣ በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚሞላ ይሁን። ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት የለመደ ብዙ ነው፤ ለልጆችና ለእማማ ግን አይሆንም፤ የሐይቅ ዓሣ ሥጋ ውስጥ በደንብ ሲበስል የሚሞት የትል እጭ ሊኖር ይችላል። ጥብሱ ወይም ጉላሹ ይበቃል። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለሆነ ዓሣ የሚበላው ጾመኛ ሁሉ ወደዚያው ይመጣል፤ ዋጋው ከሌላው ጊዜ ከፍ ማለቱ አያስገርምዎ። እማማ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ የጾም ምግብ መሀል ከተማ በየቦታው አለ።

አሞራ ገደል ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ፤ ከታች ጦጣ። ጦጣው ከልጅ እጅ ሙዝ ነጥቆ ሲሮጥ ሊቧጭር ይችላል። የሚበላ ነገር ከቦርሳ አይውጣ።

ጀልባ የምትሳፈሩም በዚያው ጠዋት፣ ከ4 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ምክንያቱ ያው ነፋሱ ነው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ «ለጀልባው ነው ወይስ በሰው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰዓት በቂ ነው። ለአምስት ዓመቱ ልጅ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ የአዋቂው ጃኬት ውኃ ውስጥ በጭንቅላቱ ወልቆ ይወጣል። ጉማሬ ለማየት ስትሄዱ ባለ ጀልባው ራቅ ብሎ ሞተሩን እንዲያቆም ንገሩት። ፎቶ እንዲያምር ብሎ የሚጠጋ አለና «ይበቃል» ለማለት አትፈሩ፤ ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ትገለብጣለች።

በንግሡ ዕለት ለእማማ ታጣፊ ወንበር፣ ውኃና ጃንጥላ ይያዙ። በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ የእናት የአባት ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፤ ብንጠፋፋ የምንገናኝበት ብላችሁም ከአደባባዩ ወጣ ያለ አንድ ቦታ ወስኑ፤ ያን ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ስልክ መያዙ አያስተማምንም። ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በእግር መሄድ ለሁሉም ይሆናል።

በ20 ስትመለሱ ጊዜ ካላችሁ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ግቡ፤ ከሻሸመኔ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እማማ ደም ግፊት ካለባቸው ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ ሙቀቱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ድንገት ሲነሱ ራስ ያዞራል። ቀስ ብለው ተደግፈው ይውጡ።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፤ መኪናም ብዙ ገንዘብም የለንም። ቅዳሜ ሄደን እሑድ ለመመለስ ያዋጣል?
ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ያዋጣል፤ ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ከተገኛችሁ። ቀጥታ የሐዋሳ መኪና ካላገኛችሁ በሻሸመኔ ተሳፈሩ። ሻሸመኔ የሐዋሳም፣ የሶዶም፣ የባሌም መንገድ የሚገናኝባት ስለሆነች ከዚያ ለሐዋሳ ሚኒባስ አይጠፋም፤ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሞጆ ወርዳችሁ መኪና አትጠብቁ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ለአራት ሁለት ክፍል ያዙ፤ ከሐይቁ ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ስትገቡ ዋጋው በግልጽ ይቀንሳል። ባጃጅ በመስመር ከሚሠራው ጋር ከሆነ ርካሽ ነው፤ «ኮንትራት» ካላችሁት ዋጋው ሌላ ስለሚሆን ስትገቡ ግልጽ አድርጉ። እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ታቦር ተራራ ውጡ፤ ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳል፤ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ የሚታዩት ከዚያ ነው። አንድ አንድ ሊትር ውኃ፣ የማያንሸራትት ጫማ፤ አራታችሁም አብራችሁ። ከ6 ሰዓት በፊት ለመመለስ ካልተሳፈራችሁ የእሑድ ከሰዓት ወረፋ ያንገላታችኋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአዳማ የሚመጡ ዘመዶቼ «ታሪክ ያለው ነገር አሳየን» ይላሉ፤ እኔ ከሐይቁ ሌላ የማሳያቸው የለኝም።
ከሐዋሳ

መልስ፦ ከተማዋ ራሷ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ወጣት ናት፤ ከእሷ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ስለዚህ ያረጀ ሕንፃ ፍለጋ አይድከሙ፤ ታሪኩ ያለው በሕዝቡ ሥርዓት ውስጥ ነው። ዘመዶችዎን በፊቼ ጨምበላላ ይጥሩ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ሲሆን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉ የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ስለሆነ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ አልጋ ለመያዝ የሚመች አይደለም፤ ሲታወጅ ወዲያው ደውለው ይንገሯቸው። በዓሉ በሚከበርበት የሐዋሳ ሜዳ በሶሬሳ ጉዱማሌ ሽማግሌዎቹ በየጎሳቸው ሆነው ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ጭፈራ ሲጨፍሩ ማየት ከየትኛውም ሕንፃ ይበልጣል። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» የሚለውን የበዓል ሰላምታ ሲሉ እርስዎም ቤት ይመጣሉና ባዶ እጅ አይጠብቋቸው።

በዓሉ ካልገጠመ ቡርሳሜ ያስቀምሷቸው። ከእንሰት በቅቤ የሚሠራ ሲሆን ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ትኩሱን ቀርቦ በጋራ ይበላል። ቅቤው ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ጣዕሙ ይለወጣል፤ እንግዶቹ ተቀምጠው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ብቻ ይቅረብ። ሲመለሱ የሲዳማ ቡና ጥሬውን ይያዙላቸው። ፍሬው መጠኑ ተቀራራቢ፣ ያልተሰበረና በነቀዝ ያልተበሳ መሆኑን በእፍኝ ዘግነው ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሰው ይዩ፤ ያሸቱትም፤ የሻገተ ሽታ ካለው ቢቆሉትም አይለቅም።