«መስቀልሽ ነው፣ ተሸከሚው» ለተባለች እኅት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ የሞተችው በስድስት ዓመቴ ስለሆነ ያደግሁት አጎቴ ቤት ነው። በቀበቶ እገረፍ ነበር፤ ዕቃ ከሰበርኩ በርበሬ ይታጠንብኛል። መጀመሪያ የያዝኩት ጓደኛዬ ይመታኝ ነበር። ከእሱ ተለይቼ፣ ከአጎቴም ቤት ለመውጣት ስል ያሁኑን ባለቤቴን አገባሁ፤ የተጋባነው በቁርባን ነው። እሱም ሲጠጣም ሳይጠጣም ይመታኛል። ሁለት ልጆች አሉን። ዘመዶቼ «የዘር እርግማን ነው» ይላሉ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ «መስቀልሽ ነው፣ ተሸከሚው» ይሉኛል። እውነት እርግማን ነው? ብሸሽስ ኃጢአት ይሆንብኛል? አጎቴንስ ይቅር ማለት አለብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወረቀትሽን ከጥያቄ ሳጥኑ ያወጣሁት በዘመነ ጽጌ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የስደቱን መዝሙር ሲያጠኑ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም፤ ዛሬ ማታ የሚያስፈልግሽም እሱ ነው።

ብትሸሺ ኃጢአት አይሆንብሽም። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲፈልግ መልአኩ ለዮሴፍ ያለው «ታገሥ» አይደለም፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ ነው ያለው። ሄሮድስን በአንድ ቃል ማስቆም የሚቻለው አምላክ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ተሰደደ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌት የምንቆመው ይህንኑ ስደት እያሰብን ነው። እመቤታችን ስለሸሸች እምነት ጎደላት የሚል ሰው የለም፤ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ብትወጪ ግን «ትዳሯን በተነች» ለማለት የሚቸኩል ብዙ ነው።

ስለ መስቀሉም ጌታ ሊከተለኝ የሚወድ መስቀሉን ይሸከም ነው ያለው። «የሚወድ» የሚለውን ልብ በዪ። መስቀል ስለ ክርስቶስ ብለው ወድደው የሚሸከሙት ነው። ሰክሮ የገባ ሰው ጡጫ ግን መስቀል አይባልም፤ ስሙ በደል ነው፤ ንስሐ የሚያስፈልገውም መቺው እንጂ ተመቺዋ አይደለችም። ተመታሽ ብሎ ከሥጋ ወደሙ የሚያርቅሽ ሥርዓትም የለም። ይህን ስል ራሴን ነፃ አድርጌ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት እኅት እንዳንቺ ጠይቃኝ «ታገሺ፣ ጸልዪለት» ብዬ ሸኝቻታለሁ። ሁለተኛ ያየኋት ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል በቀላሉ ከአፌ አላወጣም።

በቁርባን መጋባታችሁ በዱላ ሥር እንድትኖሪ አያስገድድሽም። ብዙ ባሎች ኤፌሶን ምዕራፍ 5ን ሲያነቡ «ሚስቶች ተገዙ» ላይ ይቆማሉ፤ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ ሚስቶቻችሁን ውደዱ የሚለው ጋ አይደርሱም። ሐዋርያው ጴጥሮስም ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ጽፏል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ቆሮንቶስን ሲተረጉም ሚስቱን የሚመታ ሰው ራሱን እንደሚያዋርድ ተናግሮ፣ የአሕዛብ ሕግ አውጪዎች እንኳን የተመታችን ሴት ከመቺዋ ጋር ኑሪ ብለው እንደማያስገድዱ ያስታውሳል። ጉባኤ ላይ ይህን ስናገር ወንዶቹ መቀመጫቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ፤ ይቁነጥነጡ።

«እግዚአብሔር መፋታትን ይጠላል» ተብሎ ተጠቅሶልሽ ይሆናል። ሚልክያስ 2፥16 ነው፤ ግን ያው ጥቅስ ግፍንም ይጠላል ይላል። የፍቺው ጉዳይ በአባቶች የሚታይ ነው፤ እዚህ አልቆርጠውም። ልጆችሽን ይዘሽ ሌላ ቤት ለማደር ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ወደ እርግማኑ ልመለስ። በሕዝቅኤል ዘመንም አባቶች ጎምዛዛ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚል ተረት ነበር፤ እግዚአብሔር ሁለተኛ አይነገር ብሎ ሽሮታል። ያም ሆኖ ዘመዶችሽ ያዩት ነገር አለ፤ ስም ሲያወጡለት ነው የሳቱት። በልጅነቱ የተጎዳ ሰው ካደገ በኋላ በፍቅር ጓደኛው ወይም በትዳር አጋሩ እጅ ለመጎዳት የበለጠ ይጋለጣል። አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከ8 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት አለ። በልጅነታቸው የተደበደቡ፣ ወሲባዊ ጥቃት የተፈጸመባቸውና እናታቸው ስትመታ ያዩ፣ ሦስቱም የደረሰባቸው ሴቶች በአጋራቸው የመጠቃት ዕድላቸው አንዱም ካልደረሰባቸው ሴቶች 3.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ አደጋው ከፍ ማለቱን ያሳያል እንጂ የማንንም ዕጣ አይወስንም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ያንቺው ወረቀት ይናገራል። አጎትሽ ሲገባ ፊቱን እያየሽ ነው ያደግሽው፤ ዛሬም የሰው ቁጣ በአንቺ ጥፋት የመጣ ይመስልሻል። የሚገርፍሽና የሚያጎርስሽ እጅ አንድ ስለነበረ ፍቅርና ዱላ አንድ ላይ ገቡብሽ። ሌላው የሚደነግጥበት የመጀመሪያ ጥፊ ላንቺ የለመድሽው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያገባሽው ለመሸሽ ነው፤ ተመልሰሽ የምትገቢበት ቤት እንደሌለሽ ባልሽም ያውቃል። ይህ ሁሉ አንቺ ያጠፋሽው አይደለም፤ ስለመታሽም የሚጠየቀው እሱ ነው። የተማርሽው ነገር ነው፤ የተማሩት ደግሞ ይረሳል።

ትምህርቱ ያንቺ ብቻ ቢሆን ኖሮ! በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ወጥ ማሳረርን ወይም ሳይነግሩ መውጣትን በመሰለ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን ተረት ቡና ላይ የምንደግመው እኛው ነን። ልጅ ሲገረፍም «በትሩን የሚከለክል ልጁን ይጠላል» እንላለን፤ ዳዊት ግን በትርህና ምርኩዝህ ያጸናኑኛል ነው ያለው፤ የሚያጸናና በትር ቀበቶ አይደለም፣ የበርበሬ ጢስም አይደለም። ጳውሎስ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩ ብሎ አባቶችን አስጠንቅቋል። የአንቺ ልብ የዛለው በስድስት ዓመትሽ ነው። ልጆችሽም አሁን እያዩ ነው።

አጎትሽን ይቅር ማለት ትችያለሽ፤ ሳትቸኩዪ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር። ግን ይቅርታና መመለስ ይለያያሉ። ሳኦል ለዳዊት አማቱ ነበር፤ በገና እየደረደረለት ጦር ወረወረበት፣ ዳዊትም ሸሸ። በኋላ ሳኦል «በድያለሁ፣ ልጄ ዳዊት ተመለስ» ሲለው ዳዊት አልተበቀለም፣ ሳኦል ተኝቶ ሳለ የወሰደበትንም ጦር መለሰለት፤ ነገር ግን ከብላቴኖቹ አንዱ መጥቶ ይውሰደው አለ እንጂ ራሱ አልቀረበም። ከዚያም መንገዱን ሄደ፤ ወደ ሳኦል ቤት አልተመለሰም። ለባልሽም እንዲሁ ነው። «ይቅርታ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ሲልሽ ቃሉን ትቶ ሥራው ለረጅም ጊዜ ይታይ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ለንስሐ አባትሽ «ተጣላን» ብለሽ አትሸፍኚ፤ በምን እንደመታሽ፣ የት እንደመታሽ ንገሪያቸው። ታገሺ ብቻ ካሉሽ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ሌላ አባት አናግሪ። መታወቂያሽን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና ትንሽ ገንዘብ የምታምኛት ሴት ጋ አስቀምጪ። መሄድሽን አስቀድመሽ አትንገሪው፤ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ያኔ ነው። አደጋ ከመጣ ፖሊስ 991 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መጉዳት ወንጀል ነው ይላል፤ የቤት ገመና አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ያማክራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተጎዱ ሴቶችን ከነልጆቻቸው የሚያሳድሩ መጠለያዎችም አሉ። ጠበል መጠመቅሽን አትተዪ፤ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያባንንሽን ነገር ግን ለሐኪምም ንገሪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ስምሽን አልጻፍሽም፤ ጥሩ አድርገሻል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለቤቴ ሴቶች በሚወጡበት በር በኩል ካለው ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። ለወንድ መናገር ከከበደሽ «የወረቀቷ ባለቤት ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ሌላ አትጠይቅሽም።