መልስ፦ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ጥራት ያለው ሙዚቃ ከየት ልግዛ ላልከው

ሙዚቀኞች ሥራቸውን በሚሸጡበት ባንድካምፕ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ግዛ። ከፍለህ ስታወርድ ከፋይል ዓይነቶቹ «ፍላክ» (FLAC) የሚለውን ምረጥ፤ ይህ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ነው። ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ይቀንሳል፤ የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ በትልቅ ድምፅ ማጉያ የሚደበዝዝብህም በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። የኃይሉ መርጊያ አልበሞች እዚያ አሉ። ካርድህ በዶላር የማይከፍል ከሆነ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ በስጦታ መልክ በኢሜይል ይላክልህ።

በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች «ፍላክ ነው» ቢሉህ ግን ሳታጣራ አትክፈል። ከኤምፒስሪ የተቀየረ ፍላክ መጠኑ ያብጣል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም። ፋይሉን ስፔክ (Spek) በተባለው፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ በሥዕል በሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ክፈተው፤ ሥዕሉ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ባሉበት በላይኛው በኩል 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ ተጠራጠር። የድሮ ካሴት ቅጂ ሥዕሉ ወደ ላይ ቀስ እያለ ቢደበዝዝ ግን አይግረምህ፤ የካሴቱ ጠባይ ነው።