ማታ መብራት አብርታችሁ ሳትሞክሩ የመስኮት ስቲከር አትግዙ

እህቴ፣ «ምድር ቤት ኮንዶሚኒየም ገብተናል፤ አላፊ አግዳሚው ቤታችንን እያየ ያልፋል፤ የባለቤቴ ቢሮም ግድግዳው መስታወት ነው፤ ለሁለቱም ከውጭ መልክ ማያ መስታወት የሚመስለውን ስቲከር ልናስለጥፍ ነው፣ ምን ትመክሩናላችሁ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ገንዘቡን ካልከፈላችሁ እባክሽ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ቆዩ።

እኔም የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። መስኮቴ ሰው ወደ ደረጃው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ገበያውን እንደዞርሽው ከጥያቄሽ ስለሚያስታውቅ የስቲከር ዓይነት እየዘረዘርኩ አላደክምሽም። ቀጥታ ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልግባ።

1. መስታወት መሳዩ ስቲከር የሚሸፍነው ቀን ብቻ ነው።

ሻጩ ናሙናውን ከሱቁ በር ላይ ወደ ፀሐይ አውጥቶ «ከውስጥ ወደ ውጭ ይታያል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ግን ምንም አይታይም» አለኝ። እኔም በዓይኔ አየሁና አመንኩ። የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱን መስኮቶች በሙሉ አስለጠፍኩ። ቀን ቀን እንደተባለው ነበር፤ ሰው መስኮቴ ሥር ቆሞ ፀጉሩን ሲያስተካክል እኔ ከውስጥ አየዋለሁ፣ እሱ አያየኝም። በዚህ ተማምኜ መጋረጃዎቼን አውርጄ ለእህቴ ሰጠኋት። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠዋት ደረጃው ሥር ጠብቀው ወደ ጥግ ወሰዱኝና «ልጄ፣ ክፉ አታስቢብኝ፤ ማታ ማታ ቤትሽ ወለል ብሎ ይታያል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው፤ ሁሉም ሰው ግን እንደ እኔ አይደለም» አሉኝ። አላመንኳቸውም። የዚያን ዕለት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቴን ሳሎን ከነመብራቱ ትቼው ወጣሁ። ከመስኮቱ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ረከቦቱ ላይ ያሉትን ስኒዎች ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ነበሩ። ባለቤቴ ደግሞ ከውስጥ ወደ እኔ እያየ የሚታየው የራሱ ፊት ብቻ ነበር። እጄን ባወዛውዝለትም አላየኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንበላ፣ ልብስ ስተኩስ፣ ተንበርክኬ ስጸልይ መንገደኛው ሁሉ ሲያየን ከርሟል ማለት ነው። እዚያው ቆሜ እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ምክንያቱ የገባኝ በሌላ ቀን፣ መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። ከሥራ ስመለስ የመንገዱም የቤቱም መብራት ጠፍቶ ነበር፤ መስኮቴ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ሻማ ሲለኩስ ግን ሳሎኑ ወዲያው ታየኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስቲከሩ በስስ ፕላስቲክ ላይ በጣም ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን የተቀባበት ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳይ ነገር የለውም። ብርሃን በበዛበት በኩል ያለ ሰው የራሱን መልክ ያያል፣ ጨለማ ውስጥ ያለው ደግሞ ብርሃኑ ውስጥ ያለውን ያያል። ቀን ብርሃኑ ውጭ ነው፣ ማታ ግን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ክረምትም ይሁን በጋ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ ቤተሰብ ቤት የሚሰበሰበው በዚያው ሰዓት ነው። ይበልጥ የጠቆረውን ብትወስጂም ሕጉ ያው ነው። ብርሃን የማሳለፍ መጠኑ 5 በመቶ የሆነው ከ20 በመቶው ይሻል ይሆናል እንጂ ማታ ከመታየት አያድንም፤ ቀን ደግሞ ቤትሽን ዋሻ ያደርግብሻል።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ገንዘቤን መልስልኝ አላልኩም። በሌላ ዓይነት ለውጥልኝ፣ ልዩነቱንም እጨምራለሁ ነው ያልኩት። ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ማታ ይሠራል ብዬሻለሁ?» አለኝ። አላለኝም፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ምድር ቤት እንደምኖር፣ የሰው ዓይን እንዳስቸገረኝ ነግሬው ነበር። በቀን ስንት ሰው እንደ እኔ ገመናውን ሊሸፍን ብሎ ወደ እሱ ይመጣል? አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር የምትበቃኝ፦ «መጋረጃሽን አታውርጂ።» ያንን ነፈገኝ። ስለዚህ የትኛውም ሻጭ ዘንድ ስትሄጂ ክንድ የምታህል ቁራጭ ናሙና ለምኚ፤ ማታ መስኮትሽ ላይ በውኃ ለጥፊና መብራት አብርተሽ ከውጭ እዪ። ናሙና የማይሰጥሽን ትተሽው ውጪ።

2. የባለቤትሽ ቢሮ።

ግድግዳው ወደ ኮሪደር የሚያይ ከሆነ መስታወት መሳዩን ጨርሶ አታስቡት። በሁለቱም በኩል መብራት ስለሚበራ የሚበልጥ ብርሃን የለም፤ ስለዚህ አንዱንም ወገን በደንብ አይሸፍንም። ለቢሮ የሚሆነው «ፍሮስት» የሚሉት፣ ወተት መሰሉ ነው። ብርሃኑን ያሳልፋል፣ መልክን ግን ያደበዝዛል፤ ቀንም ማታም ያው ነው። እኔ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ስላለኝ የደንበኞቼ ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ከወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ጀምሬ እስከ 1 ሜትር ከ80 ድረስ ብቻ አስለጠፍኩ። የተቀመጠውም ሰው፣ ጠረጴዛውም፣ የኮምፒውተሩም ገጽ ተሸፈነ፤ ከላይ ክፍት የተውኩት ብርሃን ስለሚያስገባ ክፍሉ አልታፈነም። ብዙዎቹ እስከ ጣሪያ ያስለጥፉና ቀኑን ሙሉ መብራት ሲያበሩ ይውላሉ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የሕንፃው አስተዳደር ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። እኔን በቃል «ችግር የለውም» ብለውኝ፣ ከተለጠፈ በኋላ ሌላው ኃላፊ መጥቶ «ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ሠራተኞቼ ፊት ጮኸብኝ። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሁለቱ «ጠፋ» ተባለ። በሦስተኛው ቅጂው ላይ ማኅተም ሳላስመታ ከቢሮው አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ፤ መቱልኝ። ያ ወረቀት ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

3. ፍሮስትም እንከን አለው።

ማታ ሰው መስታወቱ አጠገብ ሲቆምና መብራቱ ከበስተጀርባው ሲሆን ጥላው ይታያል። ሁለትና ሦስት እርምጃ ሲርቅ ይጠፋል፣ ሲጠጋ ግን ቅርጹ ይለያል። ስለዚህ ለመኝታ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ፍሮስቱን ለጥፊና ስስ መጋረጃ ጨምሪበት። ደግሞም ውጭውን አታዪም፤ በር ያንኳኳው ማን እንደሆነ በመስኮት ማየት ለለመደ ሰው ይከብዳል። እኔ ሳሎኑን እስከ ዓይኔ ቁመት ብቻ በፍሮስት ሸፍኜ ከዚያ በላይ ያለውን በስስ መጋረጃ ዘጋሁት። ቆሜ ሳይ ሰማዩና የማዶው ሕንፃ ይታዩኛል።

4. አለጣጠፉ።

የመጀመሪያውን፣ መስታወት መሳዩን፣ ላነሳ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ስቲከሩ ሲላጥ ሙጫው መስታወቱ ላይ ቀረ፤ በሳሙና ውኃ አርሼ አርሼ በምላጭ ፋቅኩት። ደረቁን የፋቅኩበት አንዱ መስታወት ተጭሯል፤ ጭረቱ እስከ ዛሬ አለ። ሁለተኛውን፣ ፍሮስቱን፣ ግን እኔው በእጄ ለጠፍኩት፤ ሠራተኛው ከለጠፈልኝ ይልቅ አምሯል። መስታወቱን ሁለቴ አጥቢው። ዳር ዳሩን የያዘው ስቱኮ የሚፈረፈር ከሆነ መጀመሪያ አስጠግኚው፤ ብናኙ ሥሩ ገብቶ ነጥብ ነጥብ ይሠራል፣ ያ ነጥብ ደግሞ መቼም አይጠፋም። ጥቂት የሕፃን ሻምፑ የገባበት ውኃ መስታወቱም ሙጫውም ላይ በብዛት እርጪ። ከዚያ በጎማ መጥረጊያ ከመሐል ወደ ዳር ግፊው። ዳሩ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተዪ፤ ከክፈፉ ጋር ከተነካካ ይላጣል። በመጀመሪያው ሰሞን ደመና የመሰለ ነገርና ትናንሽ የውኃ ፊኛዎች ብታዪ አትደንግጪ። እስከ አንድ ወር ድረስ እየደረቀ ይጠራል። እኔ ተበላሸ ብዬ አንዱን ጥግ ገልጬ አበላሽቻለሁ።

መስታወትሽ ሸካራ ወይም ባለ አበባ ከሆነ በሸካራው በኩል አይጣበቅም፤ ልሙጡን ገጽ ፈልጊ። የቢሮው ወይም የቤቱ መስኮት ድርብ መስታወት (ሁለት መስታወት በመሐላቸው ክፍተት ኖሮ የተገጠሙበት) ከሆነ ደግሞ ጠቆር ያለውን አትለጥፉበት። ሙቀት ስለሚይዝ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ሙጫ የሌለውን፣ በውኃ ብቻ የሚጣበቀውን ጠይቂ፤ ስትለቁ ጠቅልለሽ ትወስጂዋለሽ።

ፍሮስቱን የለጠፍኩ ዕለት ማታ እኚያን እናት ሄጄ ለመንኳቸውና መስኮቴ ሥር አቆምኳቸው። እኔ ገብቼ መብራቱን ሁሉ አበራሁ፣ ረከቦቱንም በፊቱ ቦታ አስቀመጥኩት። ስወጣ ነጠላቸውን እያጣፉ «ቢጫ ብርሃን ነው የማየው፣ ሌላ ምንም የለም» አሉኝ። ከተለጠፈው አንድ ሜትር ያህል ተርፎኛል። ሰሚት አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ለሙከራ ውሰጂው።