አልፎ አልፎ ስለሚከሰቱ የአንጎል ዕጢዎች ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

በፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ እያዩ በሽታን መለየት) ሙያ የምሠራ ሐኪም ነኝ፤ በአዋቂዎች ላይ እምብዛም ስለማይታዩ የአንጎል ዕጢዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እነሆ መልሴ። («ብርቅዬ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ለአዕዋፍ ያምራል እንጂ ለዕጢ አይሆንም።)

ጥያቄ፦ ለሳምንታት ራሴን ያመኛል። ዕጢ ይሆን?

መልስ፦ ራስ ምታት ብቻውን ሲሆን መንስኤው ዕጢ የሚሆነው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። የሚያስቸኩለው አብሮት የሚመጣው ነው፦ በአዋቂነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከሰት የሚጥል ሕመም፣ ጠዋት ከትውከት ጋር የሚብስ ሕመም፣ እየጨመረ የሚሄድ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ የእይታ መጥበብ፣ ቤተሰብ ሳይቀር የሚያስተውለው የጠባይ ለውጥ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ተነሥቼ ሐኪሙ «ዕጢ ይመስላል» አለኝ። ለምን በእርግጠኝነት አይነግረኝም?

መልስ፦ ሐቀኛ ስለሆነ ነው። ኤምአርአይ ቦታውንና መጠኑን ያሳያል፤ ስሙን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም። ጋዶሊኒየም (ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር) ተወግቶ ዙሪያው እንደ ቀለበት የሚያበራ ነገር ግሊዮብላስቶማ (ከአንጎሉ ራሱ የሚነሣ አደገኛ ካንሰር)፣ ከሌላ አካል የተሠራጨ ካንሰር፣ የመግል ቋት ወይም ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሽፋንን የሚጎዳ በሽታም አንዳንዴ ዕጢ መስሎ ያሳስታል። በአዋቂዎች አንጎል ውስጥ ከሌላ አካል የመጣ ካንሰር እዚያው ከበቀለው ስለሚበዛ፣ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ቢታዘዝልዎ አይገረሙ።

ጥያቄ፦ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ተሰጥቶኝ በጣም ተሻለኝ። ናሙና መውሰዱ አሁንም ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል፤ እኔን በጣም የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። መድኃኒቱ በዕጢ ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይሻለዋል። በአንጎል ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር) ጊዜ ግን የዕጢውን ሕዋሳት ራሳቸውን ይገድላል። በምስሉ ላይ ዕጢው ይከስማል፣ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ እኔ ደግሞ በማይክሮስኮፕ የማየው የሞቱ ሕዋሳትንና ስም የማይሰጥ ፍርስራሽን ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ዕጢው ይመለሳል። ስለዚህ ሊምፎማ ከተጠረጠረና የታማሚው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ ስቴሮይድ ባይጀመር ይመረጣል። አስቀድመው ከጀመሩ ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ አደጋ አለው።

ጥያቄ፦ የራስ ቅል ሳይከፈት የሚታወቅ ዕጢ የለም?

መልስ፦ ጥቂት አሉ። ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጭ የፒቱታሪ (ከአንጎል ሥር ያለ ሆርሞን አመንጪ አካል) ዕጢ በደም ምርመራና በኤምአርአይ ይለያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በእንክብል ይታከማል። በአንጎል መሐል የሚበቅሉ አንዳንድ የጀርም ሴል (የዘር ሕዋስ) ዕጢዎችም አልፋ ፌቶፕሮቲን ወይም ቤታ ኤችሲጂ የተባለ ጠቋሚ ንጥረ ነገር በደም ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ ይታወቃሉ። ነገር ግን በአንጎል ውስጥ ግፊት ካለ ፈሳሹን ከወገብ መቅዳት አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ምስሉ ይታያል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ናሙና ሁለት ሆስፒታሎች ሁለት የተለያየ ስም ሰጡ። ማን ተሳሳተ?

መልስ፦ ምናልባት ማንም። መርፌ ከዕጢው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ያወጣል፤ አንዱ ጥግ ከሌላው ይለያል። ከዚያም በላይ የአሰያየሙ ሕግ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዘረመል ምርመራን ከስሙ ጋር አያያዘ፤ በ2021 ደግሞ ይበልጥ አጠበቀው። አሁን የአይዲኤች ጂን ለውጥ ያለው የአዋቂ ግሊዮማ (ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሣ ዕጢ) ግሊዮብላስቶማ አይባልም። በዚያ ላይ የክሮሞሶም 1 አጭር ክንድና የክሮሞሶም 19 ረጅም ክንድ አብረው ከጠፉ ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የተባለው የግሊዮማ ዓይነት ነው። በእነዚህም ካልተፈታ የዲኤንኤ ሜቲሌሽን (በዲኤንኤ ላይ ያሉ ኬሚካላዊ ምልክቶች) ምርመራ አለ፤ ዕጢውን በኮምፒውተር ከሚታወቁት ዝርያዎች ጋር ያስተያያል። ውጤቱ «የማይመደብ» የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ «የሕፃናት ዕጢ ነው» ተባልኩ። ይቀልዱብኛል?

መልስ፦ አይደለም። ሜዱሎብላስቶማ (ከኋላኛው የአንጎል ክፍል የሚነሣ ካንሰር) ይመስለኛል፤ አብዛኛው በልጆች ላይ ቢታይም አዋቂዎችንም ይይዛል። በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ በኩል ወደ ታች ስለሚወርድ ሙሉ የአከርካሪ ኤምአርአይ መነሣትዎን ያረጋግጡ። የልጆች ካንሰር ሐኪም ቢመክርበትም አይክፋዎት፤ ከሁላችንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላ ሐኪም ለማማከር ምን ልያዝ?

መልስ፦ የወረቀቱን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን የምስሉን ሲዲ፣ የመስታወት ስላይዶቹንና ናሙናው የተቀመጠበትን የፓራፊን ብሎክ። ተጨማሪ የዘረመል ምርመራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከብሎኩ ላይ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ያገለግላል። ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ ግን አይተዉት፤ ሰም ነው።