አባቴ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ኪኒኑን ትተን ጸበል ብቻ እንያዝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ከሁለት ወር በፊት ጠዋት ሲነሱ ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አፋቸውም ተጣመመ። ጎረቤት «ይሄ የሰው እጅ ነው» ስላለን መጀመሪያ የወሰድናቸው እንጦጦ ጸበል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ስናደርሳቸው ስትሮክ ነው፣ ያመጣባቸውም ደም ግፊት ነው ተባልን። አሁን ኪኒን ይወስዳሉ። ጸበል ቦታ የተዋወቅናቸው አንድ ሰው ግን «ኪኒን እየዋጡ ጸበል መጠጣት እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው» አሉን። እናቴ ተጨንቃለች። ኪኒኑን እናቋርጥ? ይህ የደረሰብን በኃጢአታችን ነው? ፍልሰታም እየመጣ ነው፤ ጾሙና ቁርባኑስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ኪኒኑን አታቋርጡ። «ተሽሏቸዋል» ባላችሁ ቀንም አታቋርጡ። ማስቆምም መቀነስም የሐኪማቸው ሥራ ነው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ኪኒኑን የተወ ሰው ለሳምንታት ምንም ሳይሰማው ሊቆይ ይችላል። «ይኸው ዳንኩ» ይላል። ሁለተኛው ስትሮክ እንዲህ በተዘናጋበት ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይከፋል።

ያ ሰው የነገሯችሁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገልጠሽ ለእናትሽ አንብቢላቸው። ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እርሱ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ አልቅሶ ጸለየ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ከዚያስ? ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ልብ በይ፣ ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ነው መድኃኒቱ የታዘዘው። እዚያው እናንተ በሄዳችሁበት እንጦጦም ነገሩ አዲስ አይደለም። ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው ሲጠመቁ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣረሱም ብለው በይፋ አስተምረዋል። እኔ በበኩሌ የታዘዘ መድኃኒት አስጥሎ ማጥመቅን ድፍረት እለዋለሁ። ድፍረቱ የሌላ፣ ሞቱ የታማሚው!

«የሰው እጅ ነው» ስለተባለው፦ ክፉ መንፈስ ሰውን አያሰቃይም አልልም። ወንጌሉ ግን ይለያል። ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ይጠራል። የአባትሽ ሕመም ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ግራ ጎን ከደከመ፣ ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ቀኙ የአንጎል ክፍል ነው።

ያለፈውን አንስቼ ልወቅሳችሁ አይደለም፤ ግን ለፎቁ ሰው ሁሉ ንገሩ። ፊት በአንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ እጅ አልነሣ ካለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 አለ። የተዘጋውን የደም ሥር የሚከፍት መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ከዘገዩ ግን ያለበት ቢደርሱም አይሰጥም። የፈሰሰ ደም ይሁን የረጋ ደም ደግሞ በሲቲ ስካን እንጂ በዓይን አይለይም። ስለዚህ «ደም ያቀጥናል» ብሎ እቤት አስፕሪን ማጉረስም አደገኛ ነው። ጸበሉ ከሆስፒታል መልስም ይገኛል።

አንዱን ነገር ብዙ ምእመናን አያውቁትም። አንዳንዱን ሰው ይይዘውና በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። እጁ ይመለሳል፣ አፉ ይቃናል። በዚያ መሀል ጸበል ከተረጨ ምስክርነት ይሰጣል፣ እልልታ ይሆናል። እግዚአብሔርን ማመስገኑ ደግ ነው። ነገር ግን እንዲህ ይዞ የሚለቅ ሕመም የትልቁ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ አደጋው የሚበረታውም በቀጣዮቹ ቀናት ነው። አመስግኖ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ጸበል ይጠጡ ወይ ካልሽ፣ ይጠጡ፤ ግን አጠጣጡ ላይ ተጠንቀቁ። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮውም ሊደክም ይችላል። ውኃ ትን ይለዋል፤ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። በተጋደሙበት አፍ ከፍቶ መጋት አይሆንም። በጆግ ጠጥቶ ማስመለሱም ለእሳቸው አይደለም። ትራስ ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። በማንኪያ ትንሽ ስጧቸውና መዋጣቸውን ጠብቁ። ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ ካለ አቁሙ፤ ለሐኪሙም ንገሩት። ያን ቀን ፊታቸውንና እጃቸውን በጸበሉ አብሱላቸው። በረከት በጀሪካን አይለካም። የእንጦጦ ቦታው ደግሞ ከፍ ያለ ተራራ ላይ ነው፤ የንጋቱን ውርጭ ታውቂዋለሽ። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲፈስ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ከሥሩ አታስገቧቸው። እቤት ሲተኙ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው፤ የአልጋ ቁስል ሌላ በሽታ ነው። ፊዚዮቴራፒውንም አትተዉ።

ሽባነት ሁሉ ስትሮክ እንዳይመስላችሁ። ለወራት ወገቡን ሲያመው ቆይቶ እግሩ የሚከዳው ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆንበት ይችላል። ይህ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ጸበል ቦታ ድንኳን ውስጥ ወራት ከቆየ ግን ነርቩ ይጎዳል። ድካሙ ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣም አለ። እሱ ትንፋሽ እስከ ማሳጠር ይደርሳልና ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ወጣት በስትሮክ ሲወድቅ «መተት ነው» ማለት ይቀናናል፤ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የልብ በር ጎድቶ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። በረሃብ ዘመን ለወራት ጓያ ብቻ በልተው ጉልበታቸው የተያዘ ገበሬዎችም አሉ። ማን ምን ኃጢአት ሠራና?

ወደዚያው ጥያቄሽ መጣሁ። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሏል። መጻጉዕን ደግሞ ወደ ፊት እንዳትበድል ብሎታል። ሁለቱንም የተናገረው ልብን የሚመረምረው አምላክ ነው፤ ያንን መዝገብ ለጎረቤት አልሰጠም። መጻጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ ያሰማው አቤቱታ «ሰው የለኝም» የሚል ነው። አባትሽ ሰው አላቸው። ንስሐ ለሁላችንም ያስፈልገናል፤ ጤነኛውም ይግባ። ይልቅ እቤት የሚመረመረውን መርምሩ፦ ወጡ ውስጥ የሚገባውን ጨው ቀንሱ፣ የአንቺንም የእናትሽንም ግፊት አስለኩ።

ጾምን በተመለከተ ፍትሐ ነገሥቱ ሕመምተኛን አያስገድድም። ኪኒኑን በሰዓቱ ይዋጡ፣ ምግባቸውንም ይብሉ። ለንስሐ አባታችሁ ግን አሳውቁ፤ የሚፈቅዱት እሳቸው ናቸው። መቁረብ ካሰቡ አስቀድማችሁ ሐኪሙን የኪኒኑ ሰዓት ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ጠይቁት። ካልተቻለ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸውና መላውን እሳቸው ይዩት። የመዋጥ ችግር እንዳለባቸው ለሚያቆርቡት ካህንና ዲያቆን ከቅዳሴ በፊት ይነገር። በዕርፈ መስቀሉ የሚሰጠውም፣ ቅዳሴ ጸበሉም በቀስታ፣ ጥቂት ጥቂት ይሆናል። ቆሞ ማስቀደስ ግድ አይደለም፤ ተቀምጠው ያስቀድሱ።

ከአራተኛ ፎቅ ለማውረድ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ንገሯቸው። ያንን የቅፍርናሆም ሽባ ጣራ አፍርሰው ያወረዱት አራት ሰዎች ነበሩ፤ እናንተም አራት አታጡም። ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ወገባቸውን በነጠላ አስረው፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ ይያዙ። ሲያነሷቸው ግን የደከመውን ግራ እጅ ይዘው እንዳይጎትቱ አደራ፤ ትከሻው በቀላሉ ይወልቃል።